የሦስት ስሞች እንቆቅልሽ

በአገራችን ልማድ፣ ማታ ከራት በኋላ ልጆች በምድጃው ዙሪያ ተሰብስበው እንቆቅልሽ ይጫወታሉ። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል። መልሱ የጠፋው እንደ ሆነ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ተሸናፊውም አንድ አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱና በየሬዲዮው በሚደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አንዱ የዚሁ የጥንቱ እንቆቅልሽ ዘመድ ነው። ጠያቂው የታወቁ ሰዎችን ስም በተራ ይጠራና «እነዚህን ሰዎች የሚያገናኛቸው ምንድን ነው?» ይላል።

የዚህ ጨዋታ ሕግ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መልሱ ከተጠሩት ስሞች አንዱን እንኳ ወደ ውጭ መተው የለበትም። ሁለተኛ፣ ያልተጠራውን ሰው ሁሉ የሚያስገባ ሰፊ በር መሆን የለበትም። እነዚህን ሁለት ሕጎች ጠብቆ የሚመልስ ተማሪ፣ ሳያውቀው የታሪክ ጸሐፊን ሥራ መሥራት ጀምሯል ለማለት ይቻላል፤ የታሪክ ጸሐፊም ድካሙ ተለያይተው የተነገሩትን ነገሮች በእውነት የሚያያይዘውን መፈለግ ነውና።

እኛም ለዚህ ጽሑፍ ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከሞጣና ከቢቸና ታሪክ ሦስት ስሞች መርጠናል። አንደኛዋ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት የሞጣ ጊዮርጊስን ደብር የተከሉት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። ሁለተኛው በፋሺስት ወረራ ዘመን በቢቸና አውራጃና በዓባይ በረሃ ጠላትን መቆሚያ መቀመጫ ያሳጡት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ናቸው። ሦስተኛው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። እንግዲህ ለአንባቢው «እንቆቅልህ» ብለናል።

ፈጥኖ የሚመልስ ሰው «ሦስቱም የጎጃም ተወላጆች ናቸው» ይል ይሆናል። ይህ መልስ ሁለቱንም ሕጎች ያፈርሳል። ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የጎንደር ቤተ መንግሥት ልጅ ሆነው ወደ ጎጃም የመጡት ደጃዝማች ዮሴዴቅን አግብተው ነውና ከመልሱ ውጭ ይቀራሉ። ደግሞም በጎጃም መወለድ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው በዚያው በር ይገባ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ይህ ዓይነቱ መልስ የአገር ልጅን ደስ አሰኝቶ ምንም ሳያስተምር መቅረቱ ነው።

ስሞቹን በጥንድ በጥንድ የተመለከትናቸው እንደ ሆነ መንገዱ ይቀናል። ወይዘሮ ወለተ እስራኤልንና ሐዲስ ዓለማየሁን የሚያገናኛቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ነው። እንደ ሞጣ ጊዮርጊስ ያሉ ደብሮች ከተከሏቸው መሳፍንትና ወይዛዝርት ጉልት እየተሰጣቸው ካህናቱንና ደብተሮቹን ያኖሩ ነበር። በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የተወለዱት ሐዲስም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና ከቢቸና በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። የልቦለዳቸው ሰው በዛብህም ከማንኩሳ ተነሥቶ ዲማ ይገባል። ነገር ግን በላይ ዘለቀ በዚህ መልስ ውስጥ የሉም።

በላይ ዘለቀንና ሐዲስ ዓለማየሁን ደግሞ የሚያገናኛቸው ጦርነቱ ነው። ሐዲስ በልዑል ራስ እምሩ ሥር ሲዋጉ ቆይተው ከተማረኩ በኋላ ወደ ኢጣልያ ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች እስከ 1935 ዓ.ም. ድረስ ታስረዋል። በላይ ግን ለጠላት እጃቸውን ሳይሰጡ አምስቱን ዓመት በዱር በገደል ፈጽመዋል። ይህም መልስ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የኖሩትን ወይዘሮ ወለተ እስራኤልን ያስቀራቸዋል።

ከጥንዶቹ ሁሉ የሚከብደው የወይዘሮ ወለተ እስራኤልና የበላይ ዘለቀ ነው። ወለተ እስራኤል ከደጃዝማች ዮሴዴቅ የወለዷቸው ራስ ኃይሉ ጎጃምን ገዙ። ከእኒህ ኃይሉ ዘር በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ጦርነት የወደቁት ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ይገኛሉ። የጎሹ ልጅ ደጃዝማች ተሰማ አዳልን ወለዱ፤ አዳልም በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ። የእርሳቸው ልጅ ኋለኛው ራስ ኃይሉ በወረራው ጊዜ ለጠላት አደሩ፤ የራስ ኃይሉ ልጅ፣ ልጅ ማሞም ከጠላት ጋራ ተሰለፉ። አገር ነፃ ከወጣ በኋላ በላይ ዘለቀ የደጃዝማችነት ማዕርግና የቢቸና ግዛት ተሰጥቷቸው ሳለ ከመንግሥት ጋራ ተጣልተው ታሰሩ። ከእስር አምልጠው ከተያዙ በኋላም በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጡ። በዚያው ጊዜ አብረው ከተሰቀሉት አንዱ ልጅ ማሞ ኃይሉ ነበሩ። እንግዲህ ሞጣን የተከሉት ወይዘሮ ዘርና ለነፃነት የተዋጋው የቢቸና አርበኛ የተገናኙት በአንድ ስቅላት ላይ ነው። አንዱ ከጠላት ጋራ የተሰለፈ፣ አንዱ ጠላትን የተዋጋ ሆነው ሳለ ፍጻሜያቸው አንድ መሆኑ ዛሬም ድረስ ሰውን ያነጋግራል። ይህ መልስ ማንንም አያስደስትም፤ ይሁን እንጂ «ሁሉም ጎጃሜዎች ናቸው» ከሚለው መልስ ይልቅ ስለ ዘመኑ ብዙ ያስተምራል።

ሦስቱንስ በአንድነት የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? እኛ እንደሚመስለን መልሱ ስሙ ከተራው ውስጥ ያልተጠራ ሰው ነው፤ ይኸውም ርስተኛው ገበሬ ነው። ለሞጣ ጊዮርጊስ የተሰጠው ጉልት ገበሬው ከርስቱ የሚያወጣው ግብር ነበር። የበላይ ዘለቀ ጭፍሮች የዚሁ ገበሬ ልጆች ነበሩ፤ ስንቃቸውም ከጎተራው ይወጣ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው ገበሬዎች ከደንብ ውጭ የተጠየቁትን አንሰጥም ብለው ሲነሡ፣ ፊታውራሪ መሸሻም ሊቀጧቸው ሲዘምቱ አሳይተውናል።

«ገበሬ በአገሩ ሁሉ አለና መልሱ ሰፊ በር ነው» የሚል ተቃዋሚ ቢነሣ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ነገር ግን በደቡብ ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ሆኖ ሲኖር፣ የጎጃሙ ገበሬ ግን መሬቱን ከአባት ከአያቱ የወረሰው ርስት ብሎ የሚጠራ ነበር። ይህም ልዩነት በተግባር የታየው በእነዚሁ በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ገበሬዎቹ «መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊወሰድ ነው» ብለው ስለ ሰጉ፣ ገማቾቹን አናስገባም አሉ። ዐመፁ ጠንክሮ ጦር ሠራዊት ተላከ፤ መንደሮችም በአውሮፕላን ተደበደቡ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ተነሡ፤ በ1961 ዓ.ም.ም ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ግብር ማሩ።

በእንቆቅልሽ ጨዋታ «አገር ስጠኝ» ሲባል ልጁ ጎንደርንም ሐረርንም ያለ ሐሳብ ይሰጣል፤ አይጎድልበትምና። የሞጣና የቢቸና ገበሬ ግን እንዲህ ያለውን ቃል እንደ ጨዋታ ሊሰማው አልቻለም።

ስለዚህ መምህራን ይህን ጨዋታ በታሪክ ክፍላቸው ቢጠቀሙበት መልካም ነው እንላለን። ሦስት ስም ሰጥተው ተማሪዎቹ በመጀመሪያ በጥንድ፣ ቀጥሎም በአንድነት እንዲያገናኟቸው ያድርጉ። ተማሪው መልሱን ካገኘ በኋላም አንድ ጥያቄ ይጨምሩለት፦ «በዚህ ታሪክ ውስጥ እያለ ስሙ ያልተጠራው ማን ነው?»