«ግርማ ሌሊት»፦ ለሆረር ፊልም የቀረበ ስያሜ

ዛሬ በየከተማው ወጣቱ «ሆረር» እያለ የሚጠራው የፊልም ዐይነት ስሙን ያገኘው ከላቲን ነው፤ ሥሩም የጠጉርን መቆምና የሰውነትን መንቀጥቀጥ የሚናገር ስለ ኾነ፣ የጎጃም ባላገር በሌሊት መንገድ ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ድምፅ ሰምቶ የደረሰበትን ሲያወራ «ጠጉሬ ቆመ» ከሚለው ንግግር ብዙ አይርቅም። ለዚህ ቃል እስካሁን ከተለመዱት ፍቺዎች «አስፈሪ» የሚለው እጅግ ሰፊ ነው፤ ገደልም ጅብም ቍጡ ዳኛም አስፈሪ ይባላልና። «ሰቅጣጭ» የሚለው ደግሞ ደምና ቍስል ሲያዩ የሚሰማውን ስሜት እንጂ፣ ከሥጋ ዐይን የተሰወረውን መንፈስ አያመለክትም።

ስለዚህ መናፍስት ለሚመላለሱበት ፊልም «ግርማ ሌሊት» የሚለውን ስም አቀርባለሁ። በዛሬ አማርኛ ግርማ ሲባል የንጉሥ ሞገስ ቢታሰበንም፣ በግእዝ «ግሩም» የሚባለው የሚያስደንቅም የሚያስፈራም ነው፤ ስለዚህም የገዳማውያን ታሪክ ሲተረክ ድምፀ አራዊቱን፣ ጸብአ አጋንንቱንና ግርማ ሌሊቱን ታግሠው ኖሩ ይባላል። በዚህ አነጋገር ውስጥ «ጸብእ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል፤ ሠራዊት ከሠራዊት ጋራ የሚያደርገውም ጦርነት፣ አጋንንት በባሕታዊው ላይ የሚያነሡትም ውጊያ በግእዝ ስሙ አንድ ነውና።

ይህ የቃል አንድነት በጦርነት ዘመን ለተመሠረተው ሆረር ትክክለኛ ቍልፍ ይኾነናል። እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ2001 የወጣው የጊየርሞ ዴል ቶሮ «የሰይጣን አከርካሪ» በስፔን የርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ፣ በ1939፣ በአንድ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ የሚፈጸም ነው፤ በግቢው መካከል ሳይፈነዳ የቀረ ቦምብ እንደ ሐውልት ተተክሎ ይታያል፣ ከምድር በታች ባለው ክፍልም የሞተ ሕፃን ነፍስ ይመላለሳል። በ2016 የወጣው የባባክ አንቫሪ «ከጥላው ሥር» ደግሞ በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ጊዜ በቴህራን ይተረካል፤ እዚያም ሳይፈነዳ የቀረ ሚሳይል ጣራ ሰብሮ ከገባ በኋላ፣ እናትና ልጅ ከእርሱ ጋራ ጂን ገብቶብናል ብለው ይጨነቃሉ። በሁለቱም ፊልሞች ዘንድ ሳይፈነዳ የቀረው ብረትና የማይታየው መንፈስ ጐን ለጐን መቆማቸው፣ ጦርነት ያመጣው ፍርሃት ተኩሱ ካለፈ በኋላም በቤት ውስጥ ተቀምጦ እንደሚቈይ ያስረዳል።

ይህን ነገር ለማስተዋል የምሥራቅ ጎጃም ሰው ወደ ቴህራን መሄድ አያስፈልገውም። ጠላት ሀገራችንን በያዘባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ በላይ ዘለቀ በተዋጋበት በቢቸና ምድር፣ ቀን የአውሮፕላኑን ቦምብ ሸሽቶ በሌሊት የሚጓዝ አርበኛ ከቈላው ጨለማና ከአውሬው ድምፅ ጋራ ይገናኝ ነበር። ሞጣን ከዐባይ ማዶ ካለው ከቤጌምድር ጋራ ያገናኝ የነበረውና በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይም በዚያው በጠላት ዘመን ቅስቱ ስለ ፈረሰ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲህና ወዲያ በቆሙ ሰዎች ክንድ እየተሳበ፣ ዐባይ ከበታቹ እየጮኸ ይሻገር ነበር። የጦርነቱ ቍስል በአየር ላይ ክፍት ኾኖ የቀረበትን ይህን ስፍራ ከማሳየት የበለጠ፣ ለግርማ ሌሊት ፊልም ምን መክፈቻ ይገኝለታል?

እንግዲህ አጠቃቀሙ እንዲህ ይኹን፤ መናፍስት ያሉበት ሆረር በጠቅላላው «የግርማ ሌሊት ፊልም»፣ በጦርነት ዘመን የተመሠረተው ደግሞ «የጦርነት ግርማ ሌሊት» ይባል። የፊልም ደራስያንም ጭራቅን ከባሕር ማዶ ከመዋስ ይልቅ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ወርደው ከሽማግሌዎቹና ከሊቃውንቱ እንዲጠይቁ እለምናለሁ። በስሙ በኩል ማንም እንግዳ አይኾንም፤ 90ኛው መዝሙረ ዳዊት ግርማ ሌሊትን በቀን ከሚበርር ፍላጻና ከቀትር ጋኔን ጋራ አንድ ላይ ስለሚያነሣ፣ ዳዊት የደገመ ተማሪ ሁሉ ቃሉን ገና በልጅነቱ ያውቀዋል።