በስሙ የተፈረደበት ፍጥረት

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በሥነ እንስሳት ጥናት ግን ስምን የሚያወጣው ሰው ስለ ሆነ፥ ስሙ አንዳንድ ጊዜ የሰውን ስሕተት ይዞ ይኖራል። ከ75 ሚሊዮን ዓመታት ያህል በፊት የኖረው፥ ኦቪራፕቶር የተባለው ወፍ መሰል ዳይኖሰር ለዚህ ምሳሌ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1923፥ በሮይ ቻፕማን አንድሩስ የሚመራው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር የጥናት ጓድ፥ በሞንጎሊያ በጎቢ ምድረ በዳ፥ ባያንዛግ ከተባለው ቀይ ገደል ዘንድ፥ የእንቁላል ጎጆና በላዩ የወደቀ የአንድ ትንሽ እንስሳ ዐፅም አገኘ። በዚያ ስፍራ ፕሮቶሴራቶፕስ የሚባለው ዕፀዋት በል ዳይኖሰር ዐፅም በብዛት ይገኝ ስለ ነበር፥ እንቁላሎቹ የእርሱ ናቸው ተባለ። በጎጆው ላይ የተገኘውም ሊሰርቅ መጥቶ ሳለ ሞት የደረሰበት ሌባ እንደ ሆነ ታሰበ። የቤተ መዘክሩ ሊቅ ሄንሪ ፌርፊልድ ኦዝቦርን በ1924 «ኦቪራፕቶር ፊሎሴራቶፕስ» ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም «ፊተ ቀንዳሞችን የሚወድ እንቁላል ነጣቂ» ማለት ነው። ይሁን እንጂ ስሙ ስለ እንስሳው አመጋገብና ጠባይ ሊያሳስት እንደሚችል ኦዝቦርን ራሱ በዚያው ጽሑፉ አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው ተረሳ፤ ስሙ ግን ጸና።

ምደባውም እንደዚሁ መታረም ነበረበት። ኦዝቦርን ጥርስ የሌለውን ምንቃሩን ተመልክቶ ሰጎን ከሚመስሉት ዳይኖሰሮች ጋራ መድቦት ነበር። በ1976 የሞንጎሊያው ሊቅ ሪንቼን ባርስቦልድ ራሱን የቻለ ቤተ ሰብ መሆኑን ገልጦ ኦቪራፕቶሪዴ አለው። ዛሬ ይህ ቤተ ሰብ፥ በሁለት እግር ከሚሄዱት ቴሮፖዶች መካከል፥ ወፎች ራሳቸው በሚገኙበት ማኒራፕቶራ በሚባለው ክፍል ይቈጠራል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፥ በ1993 የሞንጎሊያና የአሜሪካ ሊቃውንት ኡኻ ቶልጎድ በተባለ ሌላ የጎቢ ስፍራ ያንኑ ዓይነት እንቁላል አገኙ። በውስጡ የነበረው ጽንስ ግን የፕሮቶሴራቶፕስ ሳይሆን የኦቪራፕቶር ዘመድ ነበር። ከዚያው ስፍራ የወጣና በ1995 በጽሑፍ የተገለጠ ሌላ የዚሁ ቤተ ሰብ ዐፅም ደግሞ፥ እንቁላል እንደ ታቀፈች ዶሮ እግሮቹን አጥፎ፥ ክንዶቹን በእንቁላሎቹ ዙሪያ ዘርግቶ ተገኘ። እንግዲህ ሌባ የተባለው፥ ጎጆውን ሲጠብቅ የሞተ ወላጅ ሳይሆን አይቀርም።

ምደባው ታረመ፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። የእንስሳት አሰያየም ዓለም አቀፍ ደንብ፥ በሥርዓት የወጣ ስም ትርጓሜው ስላልተስማማ ብቻ አይሻርም ይላልና። ደንቡም ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ስሞች በየጊዜው ቢለዋወጡ ሊቃውንት እርስ በርሳቸው መግባባት ያቅታቸው ነበር። ስለዚህ ስሕተቱን የማረም ሥራ ለመምህሩ አንደበት ቀርቷል። «እንቁላል ነጣቂ» ብሎ ተርጉሞ ብቻ የሚያልፍ መምህር የ1924ን ፍርድ ያጸናል፤ የ1993ን ማስረጃ አክሎ የሚያስተምር ግን ዕውቀት እንዴት እንደሚታረም ለተማሪው ያሳየዋል።

በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ስለ አንድ ልጅ የሚጻፍ ቃልም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከጻፈው ሰው ዕድሜ ይልቅ ሊቈይ ይችላልና፥ ነገሩ በሚገባ ሳይመረመር አይጻፍ።