ትንሽ ጀልባና ቅቡ፦ ከሻርክ ዘይት እስከ ኢፖክሲ

የእንጨት ጀልባን ዕድሜ የሚያሳጥረው የውኃና የፀሐይ መፈራረቅ ነው፤ ሣንቃ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በላዩ የተቀባው ነገር ይህን እንቅስቃሴ መከተል ሲያቅተው ደግሞ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባውም ውኃ መውጫ አጥቶ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። በዚህም ምክንያት የጀልባ ቀለም ታሪክ ከጌጥ ታሪክነቱ ይልቅ የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፦ እንጨቱን ተከትሎ የሚለጠጥ ቅብ ይሻላል ወይስ እንጨቱ ጨርሶ እንዳይንቀሳቀስ የሚያግድ? ለሺዎች ዓመታት የነገሠው የመጀመሪያው መልስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተግባራዊ የሆነው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ከእርሱም እጅግ የተጠቀሙት በየቤታቸው ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

ከጥንታዊዎቹ ቅቦች ዋናው ከመሬት የሚመነጨው ወይም ከጥድ እንጨት የሚወጣው ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ቅጥራን ነበር። ኦሪት ዘፀአት የሕፃኑን የሙሴን ሣጥን ከደንገል የተሠራና በቅጥራንና በዝፍት የተለቀለቀ አድርጎ ሲገልጸው፣ በዓባይ ሸለቆ የታወቀውን የጀልባ ሥራ ዘዴ ማስታወሱ ይመስላል። በዚያው ወንዝ መነሻ በጣና ሐይቅ ላይ ግን ከደንገል የምትታሰረው ታንኳ ያለ ምንም ቅብ ስትሠራ ኖራለች፤ ውኃ ስትጠጣና ስትከብድ ወደ ዳር ተጎትታ በፀሐይ ትደርቃለች፣ ዕድሜዋ ሲያልቅም በአዲስ ትተካለች። ደንገሉ በቅርብ በሚገኝበት አገር ይህ ብልህነት ያለበት መፍትሔ ነው።

በቀይ ባሕር ዳርቻ የነበረው ልማድ ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1183 ወደ መካ ለመሻገር በዓይዛብ ወደብ የቆየው የአንዳሉስ ተጓዥ ኢብን ጁበይር፣ በዚያ ያያቸው ጀልባዎች ያለ ሚስማር ከኮኮናት ልጥ በተገመደ ገመድ የተሰፉ መሆናቸውን፣ ተሰፍተው ሲያበቁም በቅቤ፣ በጉሎ ዘይት ወይም በሻርክ ዘይት እንደሚታሹና ከሦስቱም የሻርኩ እንደሚበልጥ መዝግቧል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ባሕሩ የኮራል ቋጥኝ የበዛበት ስለሆነ ጀልባው እንዲለሰልስና ሲጋጭ እንዳይሰበር ነው ይላል። ቅቡ የውኃ መከላከያ ብቻ ሳይሆን የጀልባው የመተጣጠፍ ኃይል ምንጭም መሆኑን ከዚህ በተሻለ የገለጸ ምስክርነት ማግኘት ያስቸግራል። የአረብ ጀልባ ሠሪዎች ይህንኑ ልማድ እስከ ቅርብ ዘመን ይዘውት ዘልቀዋል፤ ከውኃው በላይ ያለውን የጀልባ ገላ በዓሣ ዘይት ሲያሹ፣ በውኃ ውስጥ የሚሰጥመውን ክፍል በኖራና በእንስሳ ጮማ ድብልቅ እየለቀለቁ በየጊዜው ያድሱት ነበር።

በሰሜን አውሮፓ የቅጥራኑን ሥፍራ ቀስ በቀስ የተካፈለው የተልባ ዘይት ነው። በኢትዮጵያ ለምግብነት የሚታወቀው ተልባ በዚያ የቀለም መሠረት የሆነው ዘይቱ በሚደርቅበት መንገድ ምክንያት ነው፤ እንደ ውኃ ተንኖ አይጠፋም፣ ከአየሩ ኦክስጅን እየሳበ ራሱ ወደ ጠንካራ ግን ወደሚለጠጥ ስስ ሽፋን ይለወጣል። ከዚህ ዘይት ጋር የእርሳስ ማዕድን ውሁድ የሆነው ነጭ ወይም ቀይ ዱቄት ሲቀላቀል፣ እርሳሱ ከዘይቱ አሲዶች ጋር ተዋህዶ በሳሙና የሚመሰል ለስላሳና ብርቱ አካል ይፈጥራል፤ የድሮ ቀለም ከእንጨት ጋር አብሮ የማርጀት ምሥጢሩ ይኸው ነው። ዋጋው ግን የሰው ጤና ነበር፤ አሮጌውን ቀለም የሚፍቁ ሠራተኞች የእርሳሱን ብናኝ ሲተነፍሱ ለረጅም ጊዜ ኖረዋል፣ አሜሪካም ለቤት አገልግሎት የሚውለውን የእርሳስ ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

ሌላው ፈተና እንጨት በሳው የመርከብ ትልና በጀልባ ሆድ ላይ እየተለጠፈ ጉዞውን የሚያዘገየው የባሕር ፍጥረት ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1761 አላርም የተባለችውን መርከብ በመዳብ ቆርቆሮ አለበሳት። እ.ኤ.አ. በ1824 ኬሚስቱ ሀምፍሪ ዴቪ መዳቡ በባሕር ውኃ እንዳይበላ ብረት ወይም ዚንክ እንዲያያዝበት ሐሳብ አቀረበ፤ መዳቡ በእርግጥ ዳነ፣ ነገር ግን ተለጣፊው ፍጥረት ወዲያው ወረረው። መዳብ ጀልባን የሚያነጻው ቀስ በቀስ እየሟሟ ስለሚመርዝ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ፤ የመዳብ ውሁድ የገባባቸው የኋለኞቹ የሆድ ቀለሞችም በዚሁ ሕግ የሚሠሩ ናቸው።

ትንሽ ጀልባ ከባለሙያ እጅ ወጥቶ ወደ ተራው ሰው ግቢ የገባው ውኃ የማይፈታው ሙጫና ከስስ የእንጨት ንጣፎች የሚጣበቀው ኮምፔርሳቶ ከተስፋፉ በኋላ ነው። የእንግሊዙ ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቃት፣ ጃክ ሆልትና ባሪ በክኔል የነደፏት ሚረር የተባለች 3.3 ሜትር ጀልባ፣ ኮምፔርሳቶው በመዳብ ሽቦ ተሰፍቶ መጋጠሚያው በፋይበር ግላስ የሚታሸግባት ነበረች፤ ከ70,000 በላይ ተሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሚሺጋን የጉጀን ወንድማማቾች ከሁለት ፈሳሾች ተቀላቅሎ የሚጠጥረውን ኢፖክሲ ለጀልባ ሠሪዎች ሲያቀርቡ፣ እንጨቱን በሁሉም ጎን በማሸግ እርጥበቱ እንዳይለዋወጥ አደረጉ። የጥንቱ ጥያቄ ሁለተኛ መልሱን ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ኢፖክሲ ግን በፀሐይ ጨረር ስለሚፈራርስ በላዩ ሌላ ቀለም ይሻል፤ ለዚህም በጀርመኑ ኦቶ ባየር እ.ኤ.አ. በ1937 መሠረቱ የተጣለው ፖሊዩሪቴን በጥንካሬው ተመራጭ ሆኗል፣ ምንም እንኳ ሁለት ፈሳሽ ያለው ዓይነት ሲረጭ ሳንባን የሚጎዳ ቢሆንም። በኢፖክሲ የታሸገ ኮምፔርሳቶ ይህን ጠንካራ ቀለም ይሸከማል፤ በሣንቃ የተሠራ ጀልባ ግን ዛሬም ዘይት ቀመስ ቀለም ይፈልጋል፣ ጠንካራው ቀለም በመጋጠሚያዎቹ ላይ መሰንጠቁ አይቀርምና።

ጥንካሬን ብቻ የመፈለግ መዘዙ በመጨረሻ በትሪቡቲልቲን ታየ። ከቆርቆሮ ማዕድን የተሠራው ይህ መርዝ የጀልባን ሆድ ለረጅም ጊዜ ንጹሕ ያደርግ ነበር፤ በፈረንሳይ አርካሾን የባሕር ወሽመጥ ግን የኦይስተር ቅርፊት ያለ መጠን እንዲወፍር አደረገ፣ እርባታውንም አሽመደመደ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1982 ከ25 ሜትር በታች በሆኑ ጀልባዎች ላይ ከለከለችው፣ ብሪታንያ በ1987 ተከተለቻት፣ በ2001 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነትም በ2008 በሥራ ላይ ዋለ። በትናንሽ ጀልባዎች የተጀመረው ክልከላ ተገቢ ነበር፤ በጥልቅ ባሕር ፈንታ ዓሣ በሚራባበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ የሚታሰሩት እነርሱ ናቸውና። በጣና፣ በዝዋይ ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጀልባ የሚሠራ ሰውም ይህን ቢያስብ መልካም ነው፤ ከሥራ በኋላ ወደ የብስ የምትጎተት ጀልባ ሆዷን በመርዝ መቀባት አያስፈልጋትም፣ የሐይቁን ውኃ የሚጠጣና ዓሣውን የሚበላ ሕዝብ አለና።