«የተቀመጥነው ከማያጨሱት በኩል ነው»

በቅርቡ አንዲት እናት አስም ያለበትን ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ሌሊቱን ሲያፍነው ነው ያደረው። «ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገቡ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ኧረ በፍጹም ዶክተር! ማታ ምግብ ቤት ነበርን፤ ግን የተቀመጥነው ከማያጨሱት በኩል ነው» አሉኝ።

ይህ «በኩል» የሚባል ነገር ከየት እንደመጣና ለምን ልጃችንን እንደማያድን ዛሬ ላጫውታችሁ። (ከአገራችን ሕግ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1975 የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ምግብ ቤቶችና ሌሎች የሕዝብ መገልገያዎች ለማያጨሱ ሰዎች የተለየ ቦታ እንዲያዘጋጁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ለዚያ ዘመን ትልቅ እርምጃ ነበር። ለባለቤቶችም አልከበደም፤ ጠረጴዛ ማዘዋወርና ምልክት መለጠፍ ነው። አውሮፕላን ውስጥም የሚያጨሱት ከኋላ፣ ሌላው ከፊት ይቀመጥ ነበር። አየሩ ግን አንድ ነው።

በ1981 ጃፓናዊው ተመራማሪ ታኬሺ ሂራያማ ከ90 ሺህ በላይ የማያጨሱ ባለትዳር ሴቶችን ለ14 ዓመታት ተከታትሎ ያገኘውን አሳተመ። ባላቸው የሚያጨስባቸው ሴቶች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነበር። እነሱ ሲጋራ በአፋቸው አልዞረም! የትምባሆ ኩባንያዎች ጥናቱን አጥብቀው ተከራከሩት። ባለ ሆቴሎችንም ጥሩ የአየር ማስወጫ ብትገጥሙ ይበቃል ይሏቸው ነበር። ብዙዎች ገንዘባቸውን አወጡበት። ማራገቢያና ኤሲ ግን ሽታውን ይቀንሱ ይሆናል እንጂ በጭሱ ውስጥ ያሉትን ደቃቅ ብናኞችና መርዛማ ጋዞች ጠርገው አያወጡም፤ ኤሲ እንዲያውም ያንኑ አየር መልሶ ሊያዞረው ይችላል።

ነገሩን የቀየረችው አየርላንድ ናት። መጋቢት 29 ቀን 2004 መጠጥ ቤቶችን ጨምሮ በተዘጉ የሥራ ቦታዎች ሁሉ ማጨስን ከለከለች፤ በአገር ደረጃ የመጀመሪያዋ ሆነች። ልብ በሉ፣ ክርክሩ ስለ ደንበኛው ብቻ አልነበረም። ደንበኛ አንድ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል፤ አስተናጋጁ ግን ጭሱን ቀኑን ሙሉ ይምገዋል። ባለ መጠጥ ቤቶቹ «ገበያችን ሞተ» ብለው ጮኹ። (በቤታቸው አስቡት፣ እኔ አልፈርድባቸውም።) ቀኑ ሲደርስ ግን መተርኮሻውን ከጠረጴዛ አነሱ፣ ማስታወቂያ ለጠፉ፣ ማጨስ የፈለገውን ወደ ውጭ ሸኙ። አብዛኛው ሰውም ያለ ጠብ ታዘዘ።

ውጤቱ በአስተናጋጆቹ ምራቅ ውስጥ ታየ። የማያጨሱ የመጠጥ ቤት ሠራተኞች ከክልከላው በፊትና ከዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ ኒኮቲን በሰውነት ውስጥ የሚተወው ኮቲኒን የተባለ ንጥረ ነገር በ80 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ክልከላው ገና ባልተጀመረበት በሰሜን አየርላንድ የቀነሰው በ20 በመቶ ብቻ ነበር። የመተንፈሻ አካላት ሕመም ምልክቶችም በአየርላንዶቹ ላይ ቀንሰዋል።

በ2007 የዓለም የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት አባል አገሮች የተስማሙበት መመሪያም የተለየ ክፍልና የአየር ማስወጫ መፍትሔ እንዳልሆኑ በግልጽ አስቀመጠ። ከባለቤቱ የሚጠበቀውንም ዘረዘረ፦ ምልክት መለጠፍ፣ መተርኮሻ ማንሳት፣ የሚያጨሰውን እንዲያቆም መጠየቅ፣ እምቢ ካለ መስተንግዶ ማቋረጥና እንዲወጣ ማድረግ፣ ካልሆነም ሕግ አስከባሪ መጥራት። ከዚህ ውስጥ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አንድም የለም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ በማንኛውም የተዘጋ የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታ፣ ከበርና ከመስኮታቸውም በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። ስለዚህ ምግብ ቤት ውስጥ «የሚያጨሱት በኩል» የሚባል ቦታ በሕግ የለም።

ይህን ለእናትየዋ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ለካ እኛም ጠረጴዛ ላይ መተርኮሻ ነበር» አሉኝ።