ኮልድ ክሬም

ኮልድ ክሬም ከንብ ሰም፣ ከዘይትና ከውሃ የሚዘጋጅ ወፍራም ነጭ የቆዳ ቅባት ነው። የደረቀ ቆዳን ለማለስለስ፣ ፊትን ለማጽዳትና የመዋቢያ ቀለም ለማስለቀቅ ያገለግላል። ሲቀቡት ቀዝቀዝ የሚለው በውስጡ ያለው ውሃ እየተነነ ከቆዳ ሙቀት ስለሚወስድ ነው። በቤት ውስጥ ከሚሠሩ ክሬሞች መካከል ረጅም የጽሑፍ ታሪክ ካላቸው አንዱ ሲሆን፣ ዘይትና ውሃ እንዴት ተዋሕደው እንደሚቆዩ ለመረዳትም ጥሩ ምሳሌ ነው።

አመጣጥ

የክሬሙ ፈልሳፊ ተብሎ በአብዛኛው የሚጠቀሰው በጴርጋሞን ተወልዶ በሮም የሠራው ግሪካዊ ሐኪም ጋሌን (ከ129 እስከ 216 እ.ኤ.አ. ገደማ) ነው። በአውሮፓ የመድኃኒት ቀማሚዎች ዘንድም ቅባቱ ለብዙ ዘመን በእርሱ ስም ሲጠራ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ፈጠራውን ሙሉ በሙሉ ለጋሌን መስጠት አጠራጣሪ ነው። ሰምን በዘይት አቅልጦ ቅባት ማዘጋጀት ከእርሱ በፊት የታወቀ ሥራ ነበር፤ በሂፖክራተስ ስም በተሰበሰቡት የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል፣ በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ዲዮስቆሪዴስም ያነሣዋል። ለጋሌን ሊቆጠርለት የሚችለው ምናልባት በቀለጠው ሰምና ዘይት ላይ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ የማሸቱ ዘዴ ነው። እርሱንም ቢሆን ራሱ አገኘው ወይስ ሲሠራበት የነበረውን መዝግቦ አቆየልን የሚለው ጥያቄ ክፍት ነው።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ማስረጃ በ2003 እ.ኤ.አ. በለንደን ሳውዝዋርክ፣ ታባርድ አደባባይ በተደረገ ቁፋሮ የተገኘው የቆርቆሮ ብልቃጥ ነው። ብልቃጡ በ2ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አካባቢ የተቀበረ ሲሆን ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ ነጭ ክሬም ነበረበት፤ የተጠቀመበት ሰው የጣት ምልክትም አልጠፋም። በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ በሪቻርድ ኤቨርሼድ የተመራው ቡድን ውጤቱን በ2004 በኔቸር መጽሔት አውጥቷል። ክሬሙ በዋናነት የእንስሳ ስብና ስታርች ሲሆን፣ ነጭ ቀለም እንዲሰጥ የቆርቆሮ ኦክሳይድ ተጨምሮበታል። ተመራማሪዎቹ በዚያው ቀመር አዲስ ክሬም ሠርተው ሲቀቡት ስቡ ወደ ቆዳ ገብቶ ስታርቹ ለስላሳ ሽፋን ትቷል። ግኝቱ የዘመኑን የቅባት ሥራ ደረጃ በግልጽ ያሳያል፤ ነገር ግን በሰምና በውሃ የተሠራ ስላልሆነ ኮልድ ክሬም ብሎ መጥራት ስሕተት ነው፣ የጋሌንንም ጥያቄ አይፈታም።

ከጊዜ በኋላ በአልሞንድ ዘይትና በጽጌረዳ ውሃ መሥራት ተለመደ፤ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ከዓሣ ነባሪ ራስ የሚወጣ ስፐርማሴቲ የተባለ ሰም ይጨመርበት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቦራክስ የተባለ ጨው ገባ፣ የፓራፊን ዘይትም ቶሎ የሚሻግተውን የዕፅዋት ዘይት ተካ።

የመዋሐዱ ምሥጢር

የንብ ሰም ብቻውን ዘይትና ውሃን አያዋሕድም። በቤት ውስጥ ሥራ ላይ የሚታየው አብዛኛው ብልሽት ሰምን እንደ አዋሃጅ ከመቁጠር የሚመጣ ነው። ሰም ዘይቱን ያወፍራል፣ የውሃውን ጠብታ ለጊዜው ይይዛል፤ ቆይቶ ግን ውሃው ያዣል። የጥንቱ ቅባት በትንሽ በትንሹ ተሠርቶ ቶሎ ማለቅ የነበረበት በዚህ ምክንያት ይመስላል።

ቦራክስ ሲጨመር ነገሩ ይለወጣል። ሰሙ ውስጥ እንደ ሴሮቲክ አሲድ ያሉ ነጻ የስብ አሲዶች አሉ። በውሃ የተሟሟው ቦራክስ ከእነዚህ ጋር ተዋሕዶ እዚያው ድስቱ ውስጥ ሳሙና ይፈጥራል፤ አዋሃጁ ይህ ሳሙና ነው። የሳሙናው ሞለኪውል አንዱ ጫፍ ውሃን፣ ሌላው ዘይትን ስለሚወድ በሁለቱ ድንበር ላይ ተሰልፎ ጠብታዎቹ መልሰው እንዳይገናኙ ያግዳል። ሰሙ ሲረጋ ደግሞ ጠብታዎቹን ባሉበት ያስራቸዋል።

አዘገጃጀት

በፈረንሳይ የመድኃኒት ቅመማ የታወቀው ቀመር ከመቶ እጅ በግምት 13 ነጭ ሰም፣ 53.5 የአልሞንድ ዘይት፣ 33 የጽጌረዳ ውሃና 0.5 ቦራክስ ነው። ልኩ በሚዛን እንጂ በማንኪያ አይያዝም። ሰም የሚቀልጠው በ62 እና 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ስለሆነ ሰሙና ዘይቱ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ እስከ 70 ዲግሪ ይሞቃሉ። ቦራክሱ የተሟሟበት ውሃም ለብቻው እዚያው ሙቀት ላይ ይደርሳል። ከዚያ ውሃው በቀጭኑ እየተንቆረቆረ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ እስኪበርድም መማሰሉ አይቋረጥም። ቀዝቃዛ ውሃ ከተጨመረ ሰሙ ወዲያው ረግቶ ክሬሙ ይጓጉላል።

በአውሮፓ ኅብረት ቦራክስ የመራባት ጤናን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ስለተመደበ በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ በዛሬው የቤት ሥራ ሌሎች አዋሃጆችን መምረጥ ይሻላል፦ ከሱፍ የሚገኘውን ላኖሊን፣ በእንቁላል አስኳልና በአኩሪ አተር ውስጥ ያለውን ሌሲቲን፣ ወይም ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀውን አዋሃጅ ሰም። የመጨረሻው በውሃ የበዛ ቀጭን ሎሽን ለሚሠራ ሰው በጣም አመቺ ነው።

መበላሸት

ውሃ ያለበት ማንኛውም ክሬም ባክቴሪያና ሻጋታ ያበቅላል፤ የተፈጥሮ መሆኑ ከዚህ አያድነውም። ቫይታሚን ኢ ዘይቱ ቶሎ እንዳይሻግት ይረዳል እንጂ ተሕዋስያንን አይገድልም። አደጋው ዓይን አጠገብ በሚቀባና በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ይከፋል። መከላከያ ያልገባበት ክሬም በጥቂቱ ተሠርቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥና በቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ በላይ እንዲቆይ የሚፈለግ ከሆነ እንደ ፌኖክሲኢታኖል ያለ መከላከያ፣ በአውሮፓ ከ1 በመቶ ሳያልፍ፣ ይጨመርበታል።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ዋነኛ የንብ ሰም አምራቾች አንዷ ናት። ብዙው ሰም ከጠጅ ሰፈፍ ቀልጦና ተጣርቶ ይወጣል፤ ለጧፍ ይውላል፣ ወደ ውጭም ይላካል። ለፀጉርና ለቆዳ የሚቀባው ለጋ ቅቤም ውሃ በስብ ውስጥ የተበተነበት ውሕድ ነው፤ ሲነጠር ውሃው ስለሚወጣ ይህ ጠባዩ ይቀራል።

ተዛማጅ ቅባቶች

ፖንድስ ኮልድ ክሬም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። በ1911 በሀምቡርግ የወጣው ኒቪያ የተመሠረተው ይስሐቅ ሊፍሹትስ ከሱፍ ቅባት ባዘጋጀው ኦይሰሪት በተባለ አዋሃጅ ላይ ነው።