ቲቸር፣ ዊንዶውሴን ልቀይረው ወይስ ልተወው?

ከጥቅምት ወዲህ ኢንቦክሴን ያጨናነቀው ጥያቄ ይሄ ነው። አብዛኞቻችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናችሁ። አንዱ ስክሪኑን ፎቶ ያነሳና «ቲቸር ኮምፒውተሬ እንዲህ እያለኝ ነው፣ ልጫነው?» ይለኛል። ሌላዋ «ዊንዶውስ 10 ተዘጋ ይባላል፣ ላፕቶፔ መስራት ሊያቆም ነው እንዴ?» ትለኛለች። ለእያንዳንዳችሁ ቮይስ ከምልክ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ረጅም ነው። መልሱን ብቻ የምትፈልጉ ወደ ታች ውረዱ፤ ግን ታሪኩን ከዘለላችሁት መልሱ አይገባችሁም (ይቺን ክፍል ውስጥም እላት ነበር፣ ታስታውሳላችሁ)።

መጀመሪያ የሆነው ነገር በአጭሩ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ኮምፒውተራችሁ አይጠፋም፤ ፋይላችሁም አይሰረዝም። የቆመው በየወሩ ይመጣ የነበረው የደህንነት ጥገና ነው። ቤቱ እንዳለ አለ፤ የበሩ ቁልፍ ሲበላሽ መጥቶ የሚጠግንላችሁ ሰው ግን ከዚህ በኋላ የለም።

ጥያቄው ራሱ ግን ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ነሐሴ 18 ቀን 1987 ዓ.ም. ዊንዶውስ 95 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ሰው እኩለ ሌሊት ሱቅ በር ላይ ተሰልፎ ነበር። ለማስታወቂያው የሮሊንግ ስቶንስ ዘፈን ተገዝቶለታል። ሲዲ ማንበቢያ ለሌለው ሰው በ13 ፍሎፒ ዲስክ ይቀርብ ነበር። 13 ፍሎፒ! አንዱን አውጥቶ ሌላውን እያስገቡ መጫን ነው፤ አሥራ አንደኛው አልነበብ ካለ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ያም ሆኖ ሰው ተሻምቶ ገዛው፤ ከበፊቱ ጋር ያለው ልዩነት በዓይን የሚታይ ነበርና።

ከዚያ ጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ.ም. ኤክስፒ መጣ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒውተር የነካሁት በኤክስፒ ነው። ያ አረንጓዴ ኮረብታና ሰማያዊ ሰማይ፣ እኛ የተሳለ ነገር ይመስለን ነበር፤ ለካ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተነሳ እውነተኛ ፎቶ ነው። ኤክስፒ ለመነሳት 64 ሜጋባይት ራም ይበቃው ነበር። ስለማያስቸግር ሰው ተላመደው፤ ተላመደውና ሊለቀው አልቻለም።

የመጀመሪያው ትልቅ «አልቀይርም» የመጣው ያኔ ነው። ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም. ቪስታ ለገበያ ቀረበ፤ የኛ ሚሊኒየም ሊገባ ስምንት ወር ገደማ ሲቀረው። ቪስታ ቢያንስ 512 ሜጋባይት፣ ደህና ሆኖ እንዲሰራ ደግሞ 1 ጊጋባይት ራም ጠየቀ። የቆዩ ፕሪንተሮችና ስካነሮች አልታዘዝ አሉት። ማይክሮሶፍት ግን ከመውጣቱ በፊት ደካማ ኮምፒውተሮችም ላይ «ቪስታን ይችላል» የሚል ስቲከር እንዲለጠፍ ፈቅዶ ነበር። ሰው ስቲከሩን አምኖ ገዛና ቤቱ ሲገባ የሚያብረቀርቀው መስኮት የለም። ነገሩ በ2007 እንደ ፈረንጆቹ ፍርድ ቤት ደረሰ። በክርክሩ የኩባንያው የውስጥ ኢሜይሎች ወጡ፤ ከማይክሮሶፍት ኃላፊዎች አንዱ ራሱ ስቲከር ያለበት ላፕቶፕ ገዝቶ ተታልሏል! በ2,100 ዶላር የገዛው ማሽን ለኢሜይል ብቻ እንደሆነበት ለባልደረቦቹ ጽፎ ነበር። ሠሪው እንዲህ ከሆነ ገዢው ኤክስፒዬን አልለቅም ቢል ምን ይፈረድበታል?

እኛም አልለቀቅንም። ኮፒ ኤክስፒ በአንድ ሲዲ ሰፈሩን ሁሉ ይዞር ነበር። ቪስታን በስሙ ብቻ ነው የምናውቀው፣ ያውም ስንሰድበው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ፤ እኔም ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የኛን ፊደል ይዞ የመጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ ያ ሁሉ ሰው የሰደበው ቪስታ ነው። ኤክስፒ ሲጫን ከሱ ጋር የግዕዝ ፎንት አልነበረም። ቪስታ ግን ኒያላ የሚባል ፎንት ይዞ መጣ፤ ስሙ የኛው የደጋ ኒያላ ነው። ማንም ምንም ሳይጭን «ሰላም» የሚለው ቃል አራት ማዕዘን ሳጥን ሳይሆን ሰላም ሆኖ ታየ ማለት ነው።

ከዚያ በፊት እንዴት ነበር የምንጽፈው? ከእኔ ዕድሜ በላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ። ያኔ አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ቦታ ነው፤ ከዚያም ላይ ጥቅም ላይ የማይውለው ብዙ ነው። የኛ ፊደል ደግሞ 33 ሲባዛ በ7፣ 231። ዲቃላዎቹን፣ ቁጥሮቹንና ነጥቦቹን ጨምሩበት። አልበቃም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ፊደሉን በተለያዩ ፎንቶች ከፋፍለው በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ አስቀመጡት። ኮምፒውተሩ የሚያስበው የላቲን ፊደልና ምልክት እየጻፋችሁ እንደሆነ ነው፤ ፎንቱ ብቻ ነው ልብስ አልብሶ አማርኛ የሚያስመስለው። በዚያ ዘመን የተሠራ ትልቅ ብልሃት ነው፣ ሠሪዎቹን አመሰግናለሁ። ግን ፋይሉን ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ልብሱ ይወልቅና የተዘበራረቀ ላቲን ይቀራል።

መፍትሔው የመጣው ከዩኒኮድ ነው። በ1999 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታ ሰጠ። ሀ ያኔ የራሷ ቋሚ ቁጥር አገኘች (በሄክሳዴሲማል 1200 ነው፣ ለተማሪዎቼ ቦርድ ላይ ሁሌ እጽፈዋለሁ)። ከዚያ በኋላ ሀ የትም ብትሄድ ሀ ናት። ግን ቁጥሩ መኖሩና ኮምፒውተራችን ፎንቱን ይዞ መምጣቱ ለየብቻ ነው፤ በመሃል ሰባት ዓመት አለፈ። እኛ ደግሞ ቪስታን ስለዘለልነው፣ ኤክስፒ ላይ ተቀምጠን ጥቂት ዓመት ጨመርንበት። በነዚያ ዓመታት በድሮው ፎንት የተተየበ ፈተና፣ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ በየመሥሪያ ቤቱ ስንት እንዳለ አስቡት። «ባለበት ይቆይ» ማለትም ወጪ አለው፤ ደረሰኙ የሚመጣው ቆይቶ ነው።

ዊንዶውስ 7ን ቶሎ ልለፈው። በ2002 ዓ.ም. ወጣ፣ ጥሩ ነበር፣ ሁሉም ወደደው። ዊንዶውስ 8 ጀምር የሚለውን ቁልፍ አጠፋ፣ ሁሉም ጠላው። ዊንዶውስ 10 ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲመጣ ለአንድ ዓመት በነጻ ነበር፤ እንዲያውም ከነጻም አልፎ ግድ ሆነ። በካሊፎርኒያ አንዲት የጉዞ ወኪል ሳትፈቅድ ኮምፒውተሯ ራሱን ሊቀይር ሞክሮ ስለተበላሸባት ከሳ 10,000 ዶላር ተፈርዶላታል። እዚህ እኛ ጋ ደግሞ የሰው ችግር ዳታ ነበር። ስልክ ላይ የገዛኸውን ፓኬጅ ላፕቶፕህ አፕዴት እያደረገ በግማሽ ሰዓት ሲጨርስብህ ምን ታደርጋለህ? አፕዴቱን ትዘጋለህ።

እኔም ዘጋሁት። የምጽፈውም በዋናነት ለዚህ ነው።

በፊት አስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት ላቡን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። 14 ኮምፒውተር፣ ሁሉም ዊንዶውስ 7። በኬብል ከሪከርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቼዋለሁ፣ ፕሪንተር ለመጋራት። ሁሉም ላይ አፕዴት ዘግቼ፣ «ፈጣን አደረግኩት» ብዬ ኩራት ይሰማኝ ነበር።

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. አርብ ዕለት ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ዓለምን አተራመሰ። ፋይል ይቆልፍና 300 ዶላር በቢትኮይን ይጠይቃል። ከ150 በላይ አገሮች ደረሰ፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ወደ 19,000 የሚጠጋ የሕክምና ቀጠሮ ተሰርዟል ተብሎ ተገምቷል። የሚገባው ዊንዶውስ ውስጥ ባለ ቀዳዳ ነው፤ ማንም ምንም ሳይጫን በኔትወርክ ራሱን ያባዛል። ያኔ ሁሉም ሰው «ኤክስፒን ስላልለቀቁ ነው» አለ። ስህተት ነው። ከተጠቁት አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 ነበሩ፣ ያኔ ገና ድጋፍ ያልተቋረጠበት። ጥገናው የወጣው ደግሞ ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ነው። ሰዎቹ የተጎዱት አዲስ ዊንዶውስ ስላልጫኑ ሳይሆን የያዙትን ስላላደሱ ነው። አፕግሬድና አፕዴት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በኛ አፍ ግን አንድ ሆነው ቀሩ።

ቫይረሱን ያቆመው የ22 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት ነው። ቫይረሱ ከመሥራቱ በፊት አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ይፈልግ ነበር፤ ወጣቱ አድራሻውን አስመዘገበው። ቫይረሱ አድራሻውን ሲያገኝ ሥራውን ትቶ ይተኛል። ግን አስተውሉ፤ ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ላይ አድራሻውን አያገኝም፣ ስለዚህ አይተኛም። እኔ «ላቤ ኢንተርኔት የለውም፣ ምን ይመጣብኛል» እያልኩ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. አንድ ባልደረባዬ «ፋይሌ አልከፈት አለኝ» ብሎ ላፕቶፑን አመጣልኝ። ልረዳው ብዬ የላቡ ኔትወርክ ላይ ሰካሁት። ምሳ በልቼ ስመለስ አሥራ አራቱም ስክሪን ቀይ ነው። ሪከርድ ክፍል ሮጥኩ፤ እዚያም ቀይ ነው። የሦስት ዓመት ሮስተር ተቆልፎ ነበር። ባካፑ? ባካፑ እዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ ዲ የሚባለው ክፍል ውስጥ።

ክረምቱን ሙሉ ከሁለት መምህራን ጋር ከወረቀት ማርክ ሊስት እንደገና ተየብን። አብዛኛው ተገኘ። የአንድ ሴክሽን የሁለተኛ ሴሚስተር ወረቀት ግን አልተገኘም። ከዚያ ሴክሽን የነበረች አንዲት ልጅ ኮሌጅ ለመመዝገብ ትራንስክሪፕት ፈልጋ መጣች። መምህራኑ በየቤታቸው ያስቀመጡትን ደብተር እስክንሰበስብ ምዝገባው አለፈ፤ ግማሽ ዓመት ቤቷ ተቀመጠች። «ችግር የለም ቲቸር» አለችኝ። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ «ቫይረስ ነው» ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ይህን ገጽ ከሚከታተሉት አንዷ ናት። አፕዴቱን የዘጋሁትም፣ ላፕቶፑን የሰካሁትም እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ወደ መልሱ። እስካሁን የነበረው ነገር «አፕግሬድ ለማድረግ አትቸኩሉ፣ አፕዴት ግን አትዝለሉ» ነበር። አሁን ዊንዶውስ 10 ላይ ሁለቱ ተጋጠሙ፤ ካልቀየርክ የምታድሰው አይኖርም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማስቀመጫ፣ በኢንቴል በኩል ከሞላ ጎደል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። እዚህ ገበያ ላይ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ብዙው 4ኛና 6ኛ ትውልድ ነው። የኔም 6ኛ ነው፤ ሲሠራ ምንም አይጎድለውም፣ ግን አይቀበለውም።

ስለዚህ ማይክሮሶፍት ራሱ ያዘጋጀውን ፒሲ ኸልዝ ቼክ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አስነሱ። ይችላል ካላችሁ ቀይሩ፤ ዊንዶውስ 11 ከ2014 መስከረም ጀምሮ አለ፣ የቪስታ ዓይነት ጣጣው አልፏል። አይችልም ካላችሁ ሱቅ ወስዳችሁ በብልሃት አታስጭኑት። ይጫናል፣ አዎ፤ ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን አፕዴት ለመስጠት ግዴታ የለብኝም ብሏል። የምትሸሹት ችግር ውስጥ ተመልሳችሁ መግባት ነው። ከዚያ ይልቅ ሴቲንግስ ውስጥ አፕዴት የሚለው ቦታ ግቡና የተራዘመ የደህንነት ድጋፍ የሚል ከታያችሁ ተመዝገቡ፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ጥገና ይመጣላችኋል። የማይክሮሶፍት አካውንት ካላችሁና ሴቲንጋችሁን ባካፕ ካደረጋችሁ ሳይከፈልም ይገኛል። እኔ ላፕቶፔን ያደረግኩት ይሄንን ነው። ለቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኡቡንቱ እየሞከርኩ ነው፤ ተማሪ ሳለሁ ሲዲውን በነጻ በፖስታ ይልኩልን ነበር፣ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን በድሮው ፎንት የተጻፉ ፋይሎቻችሁን አውጡ። ፓወር ግዕዝ አሁን በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ እያለ ወይ ወደ ዩኒኮድ ቀይሯቸው ወይ ፒዲኤፍ አድርጓቸው። በኒያላ የጻፋችሁት ደግሞ አዲሱ ላይ መልኩ ቢቀየር አትደንግጡ፤ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ኒያላ ተጨማሪ ፎንቶች ውስጥ ነው ያለው፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው የኢትዮፒክን መርጣችሁ ታወርዱታላችሁ።

አሁን ያለሁበት ትምህርት ቤት የሪከርድ ክፍሉን ኮምፒውተር ቅዳሜ እቀይራለሁ፤ እሱ 10ኛ ትውልድ ነው፣ ይችላል። ሮስተሩን ዛሬ በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጫለሁ። አንዱ ዳይሬክተሩ ካዝና ውስጥ ነው፣ ሌላው እኔ ቤት። ከላቡ ጋር የሚያገናኘውን ኬብል ነቅዬዋለሁ፤ ፕሪንት የሚፈልግ በእግሩ ይምጣ።