የገጠር ባቡር ጣቢያ ለመንደሩ ምን ነበር?



በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ ሮብ ገበያ የሚባል ቦታ አለ። ስሙን የሰጠው ገበያው ነው። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ደግሞ ገበያ ሳይሆን የባቡር ጣቢያ ያቆማቸው መንደሮች አሉ። ጎጃም እስከ ዛሬ ሐዲድ አላየም። በእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ዘመን ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባሕር ዳርና በወልድያ በኩል ወደ ሠመራ የሚወርድ መስመር ታስቦ ነበር፤ ግን አልተሠራም። አንድ ቀን ቢሠራስ፣ እንደ ሮብ ገበያ ላለ መንደር ምን ይዞ ይመጣል? ይህን ለመገመት የምሥራቁን መስመር ታሪክ ማየት ይበቃል።

🔹 ሐዲዱ እንዴት መጣ?

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር። ተራራው ስላስቸገረ ግን ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ከግርጌው ሜዳ ላይ ደረሰ። እዚያ የተቆረቆረችው ከተማ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች፤ የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት። ከዚያ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፣ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። መስመሩ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነበር። «ለገሃር» እና «ሸመንደፈር» የሚሉትን ቃላት ከፈረንሳይኛ ያወረሰን እሱ ነው።

🔹 ጣቢያ በየቦታው ለምን አስፈለገ?

የጥንቱ ባቡር በእንፋሎት ይሠራ ስለነበር በየተወሰነ ርቀት ቆሞ ውሃ መቅዳት ነበረበት። ሐዲዱም አንድ ብቻ ስለነበር ከላይና ከታች የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ቀጣዩን ጣቢያ ጠይቆ «መንገዱ ነጻ ነው» ካልተባለ ባቡሩን አይለቅም። አዲጋላ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ የባቡር ፌርማታ የሆኑት በዚህ መስመር ላይ ነው።

🔹 ለመንደሩስ?

ባቡሩ ሲቆም ገበያ ይቆማል። በመስኮት ሻይ፣ ወተት፣ ፍራፍሬ ይሸጣል። አርብቶ አደሩ ፍየሉን፣ ነጋዴው ከረጢቱን ይጭናል። የታመመ ሰው ከተማ ይደርሳል። የሩቅ ዘመድ ወሬም በባቡሩ ይመጣል። ሐዲድ ጠጋኝና ጫኝ አውራጅ እዚያው ደመወዝ ያገኛል፤ ደመወዙም ተመልሶ የመንደሩ ሱቅ ይገባል። ሮብ ገበያን ረቡዕ እንደሚሰበስባት ሁሉ እነዚህን መንደሮች የሚሰበስባቸው የባቡሩ ቀን ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ያለ ዋጋ አልነበረም። በጥር 1977 ዓ.ም አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ሐዲዱ እያረጀ፣ ጭነቱ ወደ መኪና እየዞረ ሄደ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ቆመ። ያን ጊዜ መንደሩ ያጣው መጓጓዣ ብቻ አይደለም፤ ገበያውም፣ ደመወዙም፣ ወሬውም አብረው ሄዱ።

🔹 ዛሬስ?

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ፈጣንና ዘመናዊ ነው፤ ለወደብ ጭነት ትልቅ ጥቅም አለው። የመንገደኛው ባቡር ግን የሚቆመው በጥቂት ቦታ ነው። ውሃ መቅዳት የማያስፈልገው ባቡር በየመንደሩ የሚቆምበት የራሱ ምክንያት የለውም። ሆን ተብሎ ካልታቀደ በቀር እያፏጨ ያልፋል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ስለ ባቡር ስንነጋገር «ከየት ወዴት ይሄዳል?» ብቻ አንበል። «የት የት ይቆማል?» የሚለውንም እንጠይቅ። ከወደብ የሚመጣ ሐዲድ አገርን ያገናኛል፤ ገበሬውንና አርብቶ አደሩን የሚጠቅመው ግን አጠገቡ ሲቆም ነው።

በዚያ መስመር ላይ የሠሩ ወይም የተጓዙ አባቶችና እናቶች ያሏችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጻፉት። ሐዲዱ ቢነቀል በሌላ ይተካል፤ የእነሱ ትዝታ ግን አብሯቸው ከሄደ አይተካም።